ቤዙ ይመታል፤ ማሲንቆው ግን የታለ?

መኪናዋ ከመታየቷ በፊት ትሰማለች። መጀመሪያ የሱቁ መስታወት ይርገበገባል፤ ቀጥሎ የታርጋዋ ብረት ሲንጫጫ ይሰማል፤ በመጨረሻ አሮጌዋ ኮሮላ ራሷ ብቅ ትላለች። ሐራ፣ ወልድያ ወይም መርሳ መንገድ ዳር ቆሞ ይህን ያላየ ወጣት ያለ አይመስለኝም። መኪናዋ ካለፈች በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ዘፋኙ ማን ነበር? ምን ነበር የሚለው? መልስ የለም። የተሰማው ዱም... ዱም... ብቻ ነው።

ለዚያ ዱምዱምታ የወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ወራት ተቆጥቦ፣ ዕቁብ ወጥቶ፣ አንዳንዴም ከዘመድ ተበድሮ የተገዛ ነው። ታዲያ ይሄን ሁሉ ከፍሎ የሚወዱትን ዘፈን አለመስማት ምን ይባላል?

ይህ ጽሑፍ በአሮጌ መኪና ውስጥ የሙዚቃ ሲስተም ለመሥራት ለሚያስቡ ነው። ዋናው ሐሳብ አንድ ነው፦ አብዛኛው ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው ከኋላ ወንበር ጀርባ ነው፤ ዘፈኑ ያለው ግን ከፊት ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ የሚጠፋው ዘፈኑ ብቻ አይደለም። ባትሪው፣ ሽቦው፣ ጆሮውም አብሮ ይሄዳል።

የኛ ስፖርት መኪና

ስፖርት መኪና ሲባል ፌራሪ የሚታያችሁ ካላችሁ ትንሽ ወደ አገራችን መንገድ እንመለስ። ዲኤክስ የምንላትን ኮሮላ ሁሉም ያውቃታል። ዲኤክስ የሚለው ስም «ዴሉክስ» ከሚለው የመጣ የደረጃ መጠሪያ ነው። ከዲኤክሶቹ መካከል ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ኢ70 የሚባለው ትውልድ ይገኝበታል። ሞተሩ ከፊት ሆኖ የሚገፋው በኋላ ጎማ ነው።

አሁን አንድ የሚያስደስት ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣውና ዛሬ በመላው ዓለም የድሪፍት ወዳጆች የሚያመልኩት ኤኢ86 የተባለው ኮሮላ የተሠራው ከዚሁ ከኢ70 የኋላ ጎማ አሠራር ተነስቶ ነው። «ኢኒሻል ዲ» በተባለው የጃፓን የሥዕል ታሪክ ላይ ተራራ ለተራራ የምትጠማዘዘው መኪና እሷ ናት። ስለዚህ ጎረቤታችሁ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመችው ዲኤክስ የዝነኛዋ ስፖርት መኪና የአክስት ልጅ ብትባል ማጋነን አይሆንም።

እነዚህ መኪኖች ደግሞ ቶሎ የሚሸኙ አይደሉም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ መኪናው ባረጀ ቁጥር ታክሱም ይከብዳል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። ያለችውን መኪና ማደስ፣ መቀባት፣ ማሳመር አማራጭ ብቻ ሳይሆን ግዴታም ሆነ። ሙዚቃ የዚያ እድሳት አንዱ ክፍል ነው።

አሮጌ መኪና ለዚህ ሥራ ጥሩም መጥፎም ጎን አለው። ጥሩው፣ ኮምፒዩተር የለውም። ቴፑን ብትነቅሉት መኪናው አይኮርፍባችሁም። መጥፎው፣ ሽቦው ዕድሜ ጠግቧል፤ ዲናሞው ትንሽ ነው፤ በሩ ደግሞ ባዶ ቆርቆሮ ነው። የሥራው ግማሽ እነዚህን ሦስቱን ማወቅ ነው።

ዘፈናችን ምን ይፈልጋል?

የውጭ አገር የመኪና ሙዚቃ ቪዲዮ የምታዩ ልጆች አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚያ ሰዎች ሲስተማቸውን የሚሠሩት ለራሳቸው ዘፈን ነው። ከኮምፒዩተር የሚወጣ ወፍራም ቤዝ የዘፈኑ አከርካሪ ከሆነ፣ ትልቅ ሳብዉፈር መግዛት ያስኬዳል። እኛስ ምን እናዳምጣለን?

ሐራን የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር መስመር ስሟን በየአገሩ አስጠርቶታል። እሷ ያለችበት ወሎ ግን ከባቡሩ በፊት በዜማ የታወቀ አገር ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ የወሎ ቦታዎችን ስም ተሸክመዋል። አምባሰል ከሀብሩ በስተደቡብ ነው፤ ጎረቤት ማለት ነው። ማሪቱ ለገሰን የመሰለች ድምፃዊት ስሟ ከአምባሰል ተለይቶ አይጠራም።

አሁን የአምባሰል ዘፈን ውስጥ ያለውን ነገር አንድ በአንድ ቁጠሩ። ማሲንቆ አለ፤ ከፈረስ ጭራ የተሠራች አንዲት ክር ናት። ክራር አለ። ዋሽንት አለ። ከሁሉም በላይ የሰው ድምፅ አለ፤ ያ መንቀጥቀጡ፣ ያ መሳቡ፣ ያ ቃሉን ቆልፎ መልቀቁ። ከሥር ከበሮ ይመታል። ከአምስቱ ውስጥ ሳብዉፈር የሚመለከተው አንዱን፣ ከበሮውን ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል። ሳብዉፈር የሚሠራው ከ80 ወይም ከ100 ኸርዝ በታች ነው። የወንድ ንግግር መነሻው 100 ኸርዝ አካባቢ፣ የሴት ደግሞ 200 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ በዘፈን ጊዜ ከዚያ በጣም ከፍ ይላል። ቃል ከቃል እንድንለይ የሚያደርገን፣ «ሰ»ን ከ«ፈ» የምናውቅበት ደግሞ ከ2,000 ኸርዝ በላይ ያለው ነው። የማሲንቆውም ፉጨትና መፋተግ የሚኖረው እዚያው የሰው ድምፅ ሰፈር ነው።

ስለዚህ ዘፈናችን የሚኖረው መሐል ላይ ነው። መሐሉን የሚያወጣው የበር ስፒከርና ትዊተር ነው። (ትዊተር ስል ማኅበራዊ ሚዲያውን አይደለም፤ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣዋን ትንሿን ስፒከር ነው።)

ሌላም ነገር አለ። አዝማሪ ሲዘፍን የት ይቆማል? ፊት ለፊታችሁ ነው፤ ዓይናችሁን እያየ ነው የሚገጥምላችሁ። ከጀርባችሁ ቆሞ ማጅራታችሁ ላይ ሲዘፍን አስቡት! ኋላ መስታወት ሥር ሁለት ሞላላ ስፒከር ብቻ የተገጠመበት መኪና የሚያደርገው ይሄንኑ ነው።

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር

ሱቅ ገብታችሁ አምፕሊፋየር ስትጠይቁ ካርቶኑ ላይ 3,000 ዋት የሚል ታገኛላችሁ። ዋጋው ደግሞ ያን ያህል አይደለም። ደስ ይላል አይደል? እስቲ አንድ ሒሳብ እንሥራ።

ኃይል ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፔር ነው። ሞተር ሲሠራ የመኪና ኤሌክትሪክ 13.8 ቮልት አካባቢ ነው። 3,000ን ለ13.8 ስታካፍሉት 217 አምፔር ይመጣል። ይህን ያህል የሚጠጣ ዕቃ እንደ አውራ ጣት የወፈረ ኬብል ይፈልጋል። እናንተ የያዛችሁት አምፕ ግን ጎኑ ላይ ያለችው ፊውዝ 25 ትላለች። ማነው የዋሸው? ፊውዝ አትዋሽም።

ቀላሉ መለኪያ ይሄ ነው፦ የፊውዙን አምፔር በ13.8 አባዙ። 25 ሲባዛ በ13.8 ወደ 345 ዋት ይሆናል። ይህ አምፑ የሚጠጣው እንጂ የሚያወጣው አይደለም። ክላስ ኤቢ የሚባለው የተለመደው ዓይነት ከሚጠጣው 60 በመቶ አካባቢውን ወደ ድምፅ ይቀይራል፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ እውነተኛው ኃይል 200 ዋት ግድም ነው። ክላስ ዲ የሚባለው ግን 80 በመቶና ከዚያ በላይ ስለሚጠቀም ለትንሽ ዲናሞ የተሻለ ጓደኛ ነው።

ካርቶን ላይ «ፒክ» ወይም «ማክስ» የሚል ካያችሁ እለፉት። መፈለግ ያለባችሁ «አርኤምኤስ» የሚለውን ነው። እሱ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል ነው።

ዋት በእጥፍ ሲጨምርስ? ድምፁ በእጥፍ አይጨምርም። ኃይል በእጥፍ ሲያድግ ድምፅ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ በመጠኑ የሚለየው ነገር ነው። ለጆሯችን እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። በዚህ ፈንታ የስፒከሩን ካርቶን አዙሩና «ሴንሲቲቪቲ» የሚለውን ፈልጉ። 90 ዴሲቤል የሚለው ስፒከር 87 ከሚለው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ኃይል እኩል ይጮኻል። ይህ ማለት አንዷን መስመር በማንበብ ብቻ ሌላ አምፕ ከመግዛት ዳናችሁ ማለት ነው።

ዲናሞው ምን ይላል?

የዚያ ዘመን ትናንሽ መኪኖች ዲናሞ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 አምፔር የሚሰጥ ነው። 50 ነው እንበል። በ13.8 ቮልት 690 ዋት ገደማ ይመጣል፤ እሱም ሞተሩ በደንብ ሲዞር ነው። ማታ የፊት መብራቶቹ ብቻ ከ100 ዋት በላይ ይወስዳሉ። ካንዴላው የሚተኩስበት፣ የዝናብ መጥረጊያው፣ የኋላ መብራቱ፣ ባትሪውን መልሶ መሙላቱ ሲደመር ለሙዚቃ የሚተርፈው ውስን ነው። መኪናዋ ቆማ በሚኒሞ ስትሠራ ደግሞ ዲናሞው ከአቅሙ ግማሹን እንኳ ላይሰጥ ይችላል።

ዘፈኑ በመታ ቁጥር የፊት መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዳንዱ እንደ ጌጥ ይቆጥረዋል። ጌጥ አይደለም፤ ዲናሞው «አልቻልኩም» እያለ ነው።

ሞተር ጠፍቶ ማዳመጥም ሒሳብ አለው። 45 አምፔር-ሰዓት የሚል ባትሪ አላችሁ እንበል። ሲስተሙ በአማካይ 10 አምፔር ቢወስድ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ግማሹ ይጠጋል። ከግማሽ በታች ከወረደ ሞተሪኖውን ማዞር ይከብደዋል። የተለመደው የመኪና ባትሪ ደግሞ ደጋግሞ እየተራገፈ እንዲሞላ የተሠራ አይደለም፤ ዕድሜው ያጥራል። ሠርግ ላይ ሲጨፈር የዋለች መኪና ማታ በግፊ የምትነሳው ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ግልጽ ነው፦ ለአሮጌ መኪና ጤናማው መጠን በጠቅላላው ከ300 እስከ 400 እውነተኛ ዋት ነው። ትንሽ መሰላችሁ? በመኪና ጠባብ ክፍል ውስጥ ከበቂ በላይ ነው።

ጋን በጠጠር ይደገፋል

አባቶቻችን ጋን በጠጠር ይደገፋል የሚሉት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። የዚህ ሲስተም ጠጠር ፊውዝ ነው።

ከባትሪው ወደ አምፑ የሚሄደው ወፍራም ኬብል መኪናውን ከኮፈን እስከ ኋላ ያቋርጣል። በመሐል አንድ ቦታ ብረት ቢፍቀውና ቢገናኝ ባትሪው ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቃል። ኬብሉ ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ ምንጣፉ ይያያዛል። አምፑ ላይ ያለችው ፊውዝ እዚህ ላይ አትረዳም፤ እሷ የምትጠብቀው አምፑን እንጂ ከባትሪው ጀምሮ ያለውን ኬብል አይደለም። ስለዚህ ሌላ ፊውዝ ከባትሪው ራስ አጠገብ፣ ቢበዛ 45 ሳንቲሜትር ርቀት ውስጥ መግባት አለበት። ብረት ግድግዳ ሲያልፍም ጎማ ቀለበት ሳይኖረው እንዳያልፍ።

ፊውዝ ስትቃጠል በሲጋራ ወረቀት ብር ወይም በሽቦ ቁራጭ የሚያስር ሰው አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ፊውዝ የተቃጠለችው ምክንያት ስላላት ነው፤ ምክንያቱን ፈልጉ።

ኬብል ስትገዙ ቢላ ያዙ። ከውጭ ቀይ መዳብ መስሎ ከውስጥ አሉሚኒየም የሆነ ኬብል ገበያው ላይ ሞልቷል። አንዷን ክር ፋቅ ስታደርጓት ነጭ ከወጣች አሉሚኒየም ናት። በአንድ ዓይነት ውፍረት ከመዳብ ያነሰ ኤሌክትሪክ ስለምታስተላልፍ ትሞቃለች። ለ30 አምፔር 8 ስኩዌር ሚሊሜትር የሆነ እውነተኛ መዳብ ይበቃል፤ ለ60 አምፔር 21 ስኩዌር ሚሊሜትር ብታደርጉት አትሳሳቱም።

ሌላው «ማሳ» ነው። የእርሻው ማሳ አይደለም፤ ጣሊያንኛ ነው። ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ኮፈን፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ እንደምንለው ሁሉ የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ከዚያ የመጣ ነው። ለትልቅ ድምፅ ማጉያ የምንጠቀምበት ሞንታርቦ የሚለው ስም እንኳ የጣሊያን ኩባንያ ስም ነው። ማሳ ማለት ኔጌቲቩ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰርበት ነጥብ ነው። ቀለሙ ላይ ካሰራችሁት አይሠራም። ቀለሙ ተፍቆ ነጩ ብረት እስኪታይ፣ ከዚያ በቦሎን ጠብቆ፣ በመጨረሻ ዝገት እንዳይበላው ግራሶ ተቀብቶ ነው የሚታሰረው።

ነዳጅ ስትረግጡ አብሮ «ዊይይይ» እያለ የሚወጣ ድምፅ ካለ ስፒከሩን አትለውጡ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የማሳው ነው፤ ወይም ደግሞ ከቴፑ ወደ አምፑ የሚሄደው ቀጭን የድምፅ ኬብል ከወፍራሙ የኤሌክትሪክ ኬብል ጋር ተጣብቆ ነው የተዘረጋው። አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ ውሰዱት።

በሩ ራሱ ሳጥን ነው

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ወደ ኋላም ድምፅ ያወጣል። የፊትና የኋላው ከተገናኙ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ስለዚህ ስፒከር ሳጥን ይፈልጋል። የበር ስፒከር ሳጥኑ በሩ ነው፤ የአሮጌ ኮሮላ በር ደግሞ በቀዳዳ የተሞላ ቀጭን ቆርቆሮ ነው። ውድ ስፒከር ገዝቶ እንዲህ ያለ በር ላይ መግጠም ወርቅ ጥርስ አስተክሎ አለመሳቅ ነው።

ሥራው ውድ አይደለም፤ ላብ ግን ይጠይቃል። የበሩን ልባስ አውርዱ። ውስጡን ከአቧራና ከዝገት አጽዱ። የውጭኛውን ቆርቆሮ ከውስጥ በኩል ንዝረት የሚያፍን ንጣፍ ለጥፉበት። የውስጠኛውን ትላልቅ ቀዳዳዎች ዝጉ። ከበሩ ሥር ያሉትን ትንንሽ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ግን አትንኩ፤ እነሱ ከተደፈኑ በሩ ከውስጥ ይበሰብሳል። ስፒከሩን በቀጥታ ቆርቆሮው ላይ ሳይሆን ከእንጨት በተቆረጠ ወፍራም ቀለበት ላይ እሰሩት።

እዚህ ላይ ለቆላ ሰው የተለየ ማስጠንቀቂያ አለ። ለጣሪያ ውኃ መከላከያ የሚውለውን ሬንጅ ያለበት ንጣፍ በርካሽ ገዝቶ በር ውስጥ የሚለጥፍ አለ። ደጋ ላይ ምናልባት ይቆይ ይሆናል። ሐራ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ግን ሬንጁ ይለሰልሳል፣ ይሸታል፣ እየተንሸራተተም ይወርዳል። ለመኪና የተሠራውን የቡቲል ጎማ ንጣፍ ፈልጉ። ሙሉውን በር መሸፈንም አያስፈልግም፤ መሐል መሐሉን ብትለጥፉ ብዙውን ንዝረት ይገድላል።

ትዊተሯ ከተቻለ ከፍ ብላ፣ ከመስታወቱ ማዕዘን አጠገብ ትቀመጥ። ያኔ ዘፋኙ ከጉልበታችሁ ሳይሆን ከዓይናችሁ ፊት ይዘፍናል።

አንድ የብዙ ሰው ጥፋት ደግሞ የስፒከር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ መገልበጥ ነው። አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ከሳበ ቤዙ ይጠፋል። ሰውየው ቤዝ የለም ብሎ ሌላ ሳብዉፈር ይገዛል! ለመፈተሽ አንድ የ1.5 ቮልት የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ይበቃል። የስፒከሩን ሁለት ሽቦ ለአፍታ ባትሪው ላይ ንኩ። ስፒከሩ ወደ ውጭ ከገፋ የባትሪውን ፖዘቲቭ የነካው ሽቦ ፖዘቲቭ ነው። ሁሉንም በዚህ መንገድ ምልክት አድርጉ።

ሳብዉፈር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንድ የ25 ሳንቲሜትር (10 ኢንች) ይበቃል። 18 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ኤምዲኤፍ ውስጡ በሦስቱም አቅጣጫ 30 ሳንቲሜትር የሆነ ሳጥን ብትሠሩ 27 ሊትር ይይዛል፤ ለብዙዎቹ የዚህ መጠን ሳብዉፈሮች የሚስማማ ዝግ ሳጥን ነው። የራሱ የስፒከሩ መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ መመሪያውን ተከተሉ። መጋጠሚያው ሁሉ በኮላ ይታሸግ፤ ትንሽ ቀዳዳ ካለ ያፏጫል። ቀዳዳ ያለው ሳጥን የበለጠ ይጮኻል፤ ዝጉ ግን ከበሮን በትክክል ይመታል፤ መትቶም ዝም ይላል። ለኛ ዘፈን የሚያስፈልገው ያ ዝምታ ነው።

ማስተካከል

ዕቃው ሁሉ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ሲስተሙን የሚያበላሸው እጅ ነው። አምፑ ላይ ያለችው «ጌይን» የምትባለው መዞሪያ የድምፅ መጨመሪያ አይደለችም። ከቴፑ የሚመጣውን ከአምፑ ጋር የምታስማማ ናት። ስልኩን ሙሉ ለሙሉ ሳትከፍቱ፣ ቴፑን ሦስት አራተኛ አድርሱት፤ ከዚያ ጌይንን ከዜሮ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ድምፁ መሰነጣጠቅ ሲጀምር ትንሽ መልሱት። በቃ፤ ዳግመኛ አትንኩት። ብዙ ስፒከር የሚቃጠለው ኃይል በዝቶበት ብቻ ሳይሆን የተሰነጣጠቀ ድምፅ ተልኮለት ነው።

«ቤዝ ቡስት» የሚለውን ዜሮ ላይ ተዉት። ክሮስኦቨሩን 80 ኸርዝ ላይ አድርጉ፦ ከዚያ በታች ያለው ወደ ሳብዉፈር፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ በር። የበር ስፒከሮቹ ከቤዝ ሸክም ሲገላገሉ ማሲንቆው ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ልዩነቱን ወዲያው ነው የምትሰሙት።

አዳዲስ ቴፖች ላይ ደግሞ ድምፅን የማዘግየት ማስተካከያ አለ። ሾፌሩ ለግራ ስፒከር ቅርብ፣ ለቀኙ ሩቅ ነው። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የቅርቡን በዚያው ልክ ብታዘገዩት ሁለቱም እኩል ይደርሳሉ፤ ዘፋኙም ከዳሽቦርዱ መሐል ቆሞ የሚዘፍን ይመስላል።

ምንጩንም አትርሱ። ካሴት በ1963 እ.ኤ.አ. ፊሊፕስ ካስተዋወቀው በኋላ የኛን ዘፈን ለዓመታት ይዞ ቆይቷል። ከካሴት ወደ ስልክ የተገለበጡ የቆዩ ዘፈኖች በየቴሌግራም ቻናሉ ሲላኩ ብዙ ጊዜ ተጨምቀው ነው የሚደርሱት። 128 ኪሎቢት ከሆነው ይልቅ 320 የሆነውን ፈልጉ። ከተበላሸ ፋይል ጥሩ ድምፅ የሚያወጣ ሲስተም እስካሁን አልተሠራም።

ጆሮ መለዋወጫ የለውም

ስፒከር ቢቃጠል ይገዛል። ጆሮ ግን አይገዛም። ውስጠኛው ጆሯችን ውስጥ ያሉት ድምፅ የሚቀበሉ ጥቃቅን ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ መልሰው አይበቅሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ1 ቢሊዮን በላይ ወጣቶች ከልክ በላይ ከፍ ባለ ድምፅ በማዳመጥ ምክንያት የመስማት ችሎታቸው አደጋ ላይ ነው።

ለሥራ ቦታ የሚመከረው ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፦ 88 ከሆነ 4 ሰዓት፣ 94 ከሆነ 1 ሰዓት፣ 100 ከሆነ 15 ደቂቃ። ስልካችሁ ላይ ድምፅ የሚለካ መተግበሪያ በነፃ ይገኛል። ፍጹም ትክክል ባይሆንም ግምት ይሰጣል። ከመኪና ስትወርዱ ጆሯችሁ ጭው ካለ ግን መለኪያም አያስፈልግም፤ ተነግሯችኋል።

መጀመሪያ የሚጎዳው ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ የምንሰማበት ክፍል ነው። ማለትም የማሲንቆውን ጫፍ፣ የቃሉን ጥራት። ሙዚቃ ስለምንወድ ብለን ሙዚቃ የምንሰማበትን እናጠፋለን ማለት ነው።

መንገዱም ጆሮ ይፈልጋል። ከወልድያ ወዲህና ወዲያ ያለው መንገድ ላይ ሲኖትራክ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ከብት አለ፣ ግመል አለ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ አለ። ከኋላ የሚመጣ መኪና ክላክስ ሲያደርግ ካልሰማችሁ ድምፁ በዝቷል።

ሰፈርም አለ። ወሎ ውስጥ አዛን ሲሰማ፣ ቅዳሴ ሲሰማ፣ የለቅሶ ድንኳን ሲታይ ድምፅ መቀነስን ማንም ቁጭ ብሎ አያስተምርም፤ አብሮ ከመኖር የሚመጣ ነው። በርና መስኮት ተዘግቶ ውስጥ ላለው ሰው ጥርት ብሎ የሚሰማ፣ ውጭ ላለው የማይረብሽ ሲስተም፣ እሱ ነው በደንብ የተሠራ የሚባለው።

ገንዘቡ በምን ቅደም ተከተል ይውጣ?

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ሁሉንም በአንድ ቀን መግዛት አያስፈልግም።

በመጀመሪያ ባትሪና ዲናሞ ይፈተሹ፤ ኬብል፣ ፊውዝና ማሳ በትክክል ይሠሩ። ይህ ለዓይን የማይታይ፣ ለጓደኛ የማይነገር ወጪ ነው፤ መኪናችሁን ከእሳት የሚያድነው ግን እሱ ነው። ሁለተኛ በሩ ይታሸግና ጥሩ የፊት ስፒከር ከነትዊተሩ ይገባ። ሦስተኛ አራት መውጫ ያለው ትንሽ እውነተኛ አምፕ ይምጣ፤ ሁለቱ መውጫ ለፊት፣ ሁለቱ ተጣምረው ወደፊት ለሚመጣው ሳብዉፈር። ሳብዉፈሩ መጨረሻ ይሁን። ብዙ ሰው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ «በቃኝ» ይላል፤ አይፈረድበትም።

ለመሞከር ደግሞ የጭፈራ ዘፈን አትምረጡ፤ የጭፈራ ዘፈን ሁሉንም ጥፋት ይሸፍናል። አንድ የቆየ አምባሰል ክፈቱ፤ ድምፃዊና ማሲንቆ ብቻ ያለበት ቢሆን ይመረጣል። ድምፁን መካከለኛ ላይ አድርጉ። ዘፋኟ ትንፋሽ ስትወስድ ከተሰማችሁ፣ የማሲንቆው ጭራ ክሩን ሲነካ ከተሰማችሁ፣ ግጥሙንም ከኋላ የተቀመጠችው እናታችሁ ሳትጠይቅ ከተከተለችው ሥራው አልቋል። ካልሆነ ግን ሌላ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት በሩን አውርዳችሁ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።